የእንጨት ኢንሰርት እና የጭስ ማውጫ ላይነር በራሳችሁ እንዴት እንደሚገጠም

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በኮሎራዶ ቆየት ያለ የጡብ ቤት የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሳሎኑ ውስጥ ፋየርፕሌስ አያጣም። ያምራል፤ ቤት ግን አያሞቅም። የክፍት እሳት ሙቀት አብዛኛው በጭስ ማውጫው ሽቅብ ይሄዳል። ይባስ ብሎ ሂተሩ ያሞቀውን የቤት አየር አብሮ ይስባል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ሲቃጠል ጀርባው ይበርደዋል።

መፍትሄው ኢንሰርት ነው። የመስታወት በር ያለው የብረት ምድጃ ሲሆን ነባሩ ፋየርፕሌስ ውስጥ ይገባል። የአየሩን መጠን እናንተ ትቆጣጠራላችሁ። እንጨቱ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ሙቀቱም ወደ ሳሎን ይመጣል። መብራት በጠፋበት የበረዶ ቀን ደግሞ ውለታው አይረሳም።

መሣሪያ መያዝ የለመደ ሰው ከአንድ ረዳት ጋር ይሠራዋል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፦ የዚህ ሥራ ዋናው ምድጃው አይደለም። ዋናው ላይነሩ ነው፤ ከምድጃው አናት ተነስቶ እስከ ጭስ ማውጫው ጫፍ የሚደርሰው የስቴንለስ ቱቦ። ድሮ ኢንሰርቱን ገፍቶ አስገብቶ ጭሱን ወደ ሰፊው ጭስ ማውጫ መልቀቅ የተለመደ ነበር። ዛሬም “ላይነር ገንዘብ ማባከን ነው” የሚል አይጠፋም። አትስሙት። ጭሱ ሰፊና ቀዝቃዛ ቦታ ሲገባ ይቀዘቅዛል፣ ጉልበት ያጣል፣ ግድግዳው ላይ ክሪዮሶት የሚባል እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ነገር ይጋግራል። ክሪዮሶት ደግሞ ራሱ ነዳጅ ነው። አንድ ቀን ከተቀጣጠለ የጭስ ማውጫውን ውስጥ በሸፈነው፣ በተሰነጠቀው ሸክላ አልፎ የቤቱን እንጨት ያገኛል።

ከመግዛታችሁ በፊት

መጀመሪያ ፋየርፕሌሳችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ። በባትሪ ውስጡን እዩ። ግድግዳውም ጭስ ማውጫውም ጡብና ሸክላ ከሆነ እዚህ የምነግራችሁ ይሠራል። ቆርቆሮ ሳጥንና የቆርቆሮ ቱቦ ካያችሁ ግን ፋብሪካ የሠራው ነው። እሱ ውስጥ የሚገባው በማኑዋሉ በግልጽ የተፈቀደ ኢንሰርት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ጭስ ማውጫ ጠራጊ ጥሩ። ኤንኤፍፒኤ 211 በሚባለው የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ መሠረት አዲስ ምድጃ ሲገጠም ደረጃ 2 የሚባለው ምርመራ ይደረጋል። ጠራጊው ጥላሸቱን ካጸዳ በኋላ ካሜራ እየላከ ውስጡን ያያል። ይህን ወጪ አትዝለሉት። አሮጌ ክሪዮሶት ላይ ላይነር ማውረድ አደጋን ቀብሮ መተኛት ነው። ከዚያ ካውንቲያችሁ ጋ ደውላችሁ ፐርሚት አውጡ፤ ለቤት ኢንሹራንሳችሁም አሳውቁ። ያለ ፐርሚት በተገጠመ ምድጃ እሳት ቢነሳ ካሳ መጠየቁ ራሱ ጣጣ አለው።

አሁን ለኩ። የፋየርፕሌሱን የፊት ስፋት፣ የኋላ ስፋት፣ ቁመትና ጥልቀት ጻፉ። ኋላው ከፊቱ ስለሚጠብ የፊቱን ብቻ ለክቶ መግዛት አያዋጣም። የጭስ ማውጫውን ርዝመት ከላይ በመለኪያ ሜትር ገመድ ለኩና ለመጠባበቂያ አንድ ሁለት ጫማ ጨምሩበት። ብዙ ማኑዋሎች ቢያንስ 15 ጫማ ቁመት ይጠይቃሉ።

ሰው የሚሸወደው የሸክላው የውስጥ ስፋት ላይ ነው። የአብዛኛው ኢንሰርት ላይነር 6 ኢንች ነው። ግማሽ ኢንች ኢንሱሌሽን ሲጠቀለልበት ከ7 ኢንች ያልፋል። “8 በ 8” የሚባለው ሸክላ ደግሞ ውስጡ ወደ 7 ኢንች ገደማ ነው። ስለዚህ አይገባም። ምርጫው ሁለት ነው፦ ሸክላውን በባለሙያ ማስሰበር ወይም ለቦታው የሚሆን ሞላላ ላይነር መግዛት። ኢንሱሌሽኑን ትቶ ማሾለክ ወይም ማኑዋሉ ሳይፈቅድ ቀጭን ቱቦ መግዛት ምርጫ ውስጥ አይገባም።

ላይነሩ ዩኤል 1777 (ለላይነር የወጣ የደህንነት ደረጃ) የሚል መለያ ይኑረው። ለእንጨት 316 የሚባለውን ስቴንለስ ብትይዙ ጥሩ ነው። ኢንሰርቱም የኢፒኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ መለያ ይኑረው፤ ከሜይ 2020 ጀምሮ አዲስ የሚሸጡት በሰዓት ከ2 እስከ 2.5 ግራም ከሚደርስ ብናኝ በላይ እንዳይለቁ ተደንግጓል። በርካሽ የተገኘ አሮጌ ኢንሰርት ማኑዋሉና የብረት መለያው ከሌለው ተዉት። የካውንቲው ኢንስፔክተርም አያሳልፈውም።

ላይነሩን ማውረድ

ደረቅና ነፋስ የሌለበት ቀን ምረጡ። ጣሪያችሁ በጣም ተዳፋት ከሆነ ይህን ክፍል ብቻ ለባለሙያ ስጡት፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። መሰላሉ ከጣሪያው ጠርዝ 3 ጫማ ከፍ ብሎ ይውጣ፣ ከላይም ይታሰር።

ከመውጣታችሁ በፊት የዳምፐሩን (ጭስ ማውጫውን ከታች የሚከፍትና የሚዘጋው ብረት) ክዳን ከታች ፈታችሁ አውጡ። ክፈፉ ብዙ ጊዜ ስለሚጠብ በግራይንደር መቁረጥ ያስፈልጋል። መነጽር፣ ማስክና ጓንት አድርጉ። ክብ ቱቦ ጨፍልቆ ማሳለፍ ግን አይሆንም። ፋየርፕሌሱን ቆርጣችሁ ከቀየራችሁ መቀየሩን የሚገልጽ የብረት ጽሑፍ ውስጡ ይለጠፋል።

ላይነሩን ግቢ ላይ ዘርጉት። ብርድ ልብስ የመሰለውን ኢንሱሌሽን ፎይሉን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ በፎይል ቴፕ አጣብቁት፣ የሽቦ መረቡን አልብሱት። መረቡን አትናቁት፤ ሲወርድ ጡብ እንዳይቀደው የሚጠብቀው እሱ ነው። ቱቦው ላይ የታተመው ቀስት ወደ ላይ ይመልከት።

ታችኛው ጫፍ ላይ መጎተቻውን ሾጣጣ ግጠሙና ገመድ እሰሩበት። አንዱ ከጣሪያ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ሌላው ከታች ይስባል። እየተነጋገራችሁ ሥሩ። ቢይዝባችሁ በጉልበት አትጎትቱ፤ ትንሽ ወደ ላይ መልሳችሁ አዟዙሩት።

ላይ ሲደርስ መሸፈኛውን የብረት ሳህን ሙቀት በሚችል ሲሊኮን አጣብቁ፣ ላይነሩን በማሰሪያው አጥብቁ፣ ኮፍያውን ግጠሙ። የጭስ ማውጫው ጫፍ ጣሪያውን ከሚወጣበት ቦታ ቢያንስ 3 ጫማ፣ በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ ካለ ማንኛውም ነገር ደግሞ 2 ጫማ ከፍ ማለት አለበት።

ከታች፦ ቆርቆሮውና ምድጃው

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ እኔ ግን አጥብቄ የምመክረው ሥራ አለ። ዳምፐሩ የነበረበትን ቀዳዳ በቆርቆሮ ዝጉት። መጀመሪያ በካርቶን ቅርጹን አውጡ፣ ቆርቆሮውን በዚያው ልክ ቁረጡ፣ ለላይነሩ ክብ ቀዳዳ ተዉ። ከበላዩ የድንጋይ ሱፍ ጠቅጥቁ። ፋይበርግላስ አይሆንም፤ ሙቀቱን አይችልም። ይህ ካልተደረገ ኢንሰርቱ የሚያሞቀው አየር ላይነሩን ተከትሎ ሽቅብ ይሄዳል፤ ሳሎኑ ሲበርዳችሁ ምድጃውን ታማላችሁ።

ኢንሰርቱ ከ300 እስከ 500 ፓውንድ ይመዝናል። በሩንና የውስጥ ጡቦቹን አውጡ፣ ይቀላል። ወለሉ ላይ ፕላይውድ አንጥፋችሁ ግፉት። በእግሩ ብሎኖች አስተካክሉት። ላይነሩን ከምድጃው አናት ጋር ቢያንስ በ3 የስቴንለስ ብሎን እሰሩ፤ ብዙ ጊዜ እጅ የሚገባው በምድጃው ውስጥ ነው። ምድጃው ፊት ያለው የማይቃጠል ወለል በተለምዶ 16 ኢንች ይሆናል። ከላይ ላለው የእንጨት መደርደሪያም ርቀት አለው። ሁለቱንም ከማኑዋሉ አረጋግጡ። ከዚያ ኢንስፔክተሩን ጥሩ፤ ፊቱ ላይ የሚገጠመውን ሽፋን እሱ ካየ በኋላ ግጠሙ።

የመጀመሪያው እሳት

በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ትንሽ እሳት ብቻ አንድዱ። ቀለሙ ሲደርቅ ይሸታል፣ ይጨሳልም፤ መስኮት ክፈቱ። በየፎቁና መኝታ ክፍል አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ይኑር። በተለይ ለቡና ከሰል ለምታቀጣጥሉ እነግራችኋለሁ፦ የአሜሪካ ቤት ጥብቅ ነው፣ አየር አያስገባም። ከሰል ቤት ውስጥ አታንድዱ፤ አላርሙ ቢኖርም አታንድዱ።

እንጨቱ ይድረቅ፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ይሁን። መለኪያው ርካሽ ነው። ፍልጡን እንደገና ፍለጡና አዲሱን ፊት ለኩ፤ ውጪው ያታልላል። እርጥብ እንጨት መስታወቱን ያጠቁራል፣ ላይነሩንም በክሪዮሶት ይሞላል። በየዓመቱ ቅዝቃዜው ሳይገባ ጠራጊ ጥሩ። አመዱን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አውጡና ከቤቱ፣ ከበረንዳውም አርቃችሁ አስቀምጡ። ረመጥ አመድ ውስጥ ለቀናት ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል።