«ልጅ ምን ያውቃል?» እና ሌሎች ልጆቻችንን የምናስጨንቅባቸው ስህተቶች

ትልቁን ልጄን ሰኞ ሰኞ ሆዱን ያመዋል። የጀመረው ሦስተኛ ክፍል እያለ ነው። ቅዳሜ ደህና። እሁድ እስከ ከሰዓት ደህና። እሁድ ማታ ዩኒፎርሙ ሲተኮስ ፊቱ ይለወጣል፣ ሰኞ ጠዋት ሆዱን ይዞ እጥፍ ይላል። እኔም እንደ ማንኛዋም የአዲስ አበባ እናት ክሊኒክ ይዤው ሮጥኩ። ሰገራ ተመረመረ፣ ምንም የለም ተባለ። መድኃኒቱ ግን «ለማንኛውም» ተብሎ ታዘዘ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመላለስን።

በዚያ ሁሉ ጊዜ «ይሄ ልጅ ምን አስጨንቆት ይሆን?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ስለዚህ እዚህ የምዘረዝራቸውን ስህተቶች ከሩቅ ሆኜ የታዘብኳቸው እንዳይመስላችሁ። አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹን አሁንም እሠራቸዋለሁ።

ሆድ ቁርጠት ሁሉ አሜባ ነው ማለት

እኛ ሀገር ሆዱን ያመመው ልጅ ወይ አሜባ ነው፣ ወይ ጃርዲያ፣ ካልሆነም ወስፋት። ብዙ ጊዜ እውነት ስለሆነ ምርመራውን አትተዉት። በተለይ ትኩሳት ካለው፣ ከከሳ፣ ሰገራው ላይ ደም ከታየ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከሆነ ሐኪም ይየው። ግን ትንሽ ልጅ «ጨንቆኛል» አይልም። ቃሉን ገና አላገኘውም፣ የሚያውቀው ሆዱን ነው። ሰው ሲሰጋ ሰውነቱ አድሬናሊን ይለቃል፣ ልብ ይመታል፣ ደም ከጨጓራና ከአንጀት ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ ሆድም ይረበሻል። ሕመሙ የእውነት ሕመም ነው ማለት ነው፣ ልጁ እያስመሰለ አይደለም። አንዳንዱን ራሱን ያመዋል። አንዳንዱ አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረው እንደገና ይጀምራል። አንዳንዱ ደግሞ በሆነ ባልሆነው እየተቆጣ ታናሹን ይመታል፣ እኛም «ይሄ ልጅ ባለጌ ሆነ» ብለን እንደመድማለን።

እኔን የጠቀመኝ ነገር ደብተር ነው። ለሁለት ሳምንት ሕመሙ የመጣበትን ቀንና ሰዓት ጻፍኩ። አሜባ ቀን አይመርጥም። የልጄ ሕመም ግን ሰኞን መርጦ ነበር፣ ሰኞ በዓል ሲሆን ደግሞ የለም። ኋላ ሲገባኝ፣ ሰኞ ጠዋት ተራ በተራ ቆመው ጮክ ብለው የሚያነቡበት ክፍለ ጊዜ አለ፣ አንድ ቀን አንድ ቃል ተሳስቶ ክፍሉ በሙሉ ስቆበታል።

«ልጅ ምን ያውቃል?»

ንባቡ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በዚያው ሰሞን አከራያችን ኪራይ ጨመሩ። እኔና ባለቤቴ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሳሎን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። እሺ፣ እንጨቃጨቃለን። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ልጅ ግን አልተኛም። «ካልቻልን እንወጣለና» ያልኩትን ሰምቶ ሜዳ ላይ ልንወድቅ ነው ብሎ ተረድቶታል። ይህን የነገረኝ ከወራት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ የታጠበ ልብስ አብረን ስናጣጥፍ ነው። (ልጅን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ «ንገረኝ» ብትሉት አይነግራችሁም። እጁ ሥራ ሲይዝና ዓይናችሁን ሳያይ ነው የሚያወራው። ሽንኩርት እያስላጣችሁ ሞክሩት።)

ልጅ ሁሉን ይሰማል። የሚያመልጠው ማብራሪያው ነው፣ ያመለጠውን ደግሞ በራሱ ይሞላዋል፣ የሚሞላበትም ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ ይከፋል። ቡና ላይ ስለ ጦርነት፣ ስለ እገታ፣ ስለ ዶላር ስናወራ ሥር ሥራችን የሚጫወተው ልጅ ያለው እዚያው ነው። ቀኑን ሙሉ የተከፈተው የዜና ቻናልም ለእሱ ድምፅ ብቻ አይደለም።

ሁሉን ዘርግፉለት ማለቴ አይደለም። አጭር፣ እውነት የሆነ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ የሚናገር ነገር ይበቃዋል። «ኪራይ ጨምሯል። እኔና አባትህ እያሰብንበት ነው። ቤት ብንቀይርም አብረን ነው የምንሄደው።» እኔ የተናገርኩት ይህችን ነው፣ በዚያው ሌሊት ሳይነቃ አደረ።

የሞት ነገርማ ይለያል። ለትልቅ ሰው መርዶ ስናረዳ ሰው ሰብስበን፣ ሰዓት መርጠን፣ ተጠንቅቀን ነው። ለልጅ ግን ጭራሽ አንነግረውም። «አያትህ ጸበል ሄዳለች»፣ «ተኝታለች» ይባላል። ድንኳን ተተክሏል፣ እናቱ ጥቁር ለብሳለች፣ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ እሱ ብቻ ብስኩት ተሰጥቶት ጎረቤት ይላካል። «ተኝታለች» የተባለ ልጅ መተኛት ይፈራል። «ሄዳለች» የተባለውም ሳትሰናበተኝ ብሎ ይቀየማል ወይም በር በሩን ያያል። ትንንሽ ልጆች ሞት የሚመለሱበት ጉዞ ይመስላቸዋል፣ አንዳንዴም እኔ ስላስቸገርኳት ነው ብለው ያስባሉ። ስለዚህ ሦስቱን ነገር መናገር ነው፦ ሞታለች፣ ተመልሳ አትመጣም፣ ያንተ ጥፋት አይደለም። ከዚያ ማልቀስ ከፈለገ አብሯችሁ ያልቅስ።

«አይዞህ፣ ምንም የለም፣ ዝም በል»

አይዞህ የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ችግሩ ከኋላው የምናስከትለው ነው። ልጁ ፈርቷል፣ እኛ ምንም የለም እንለዋለን፣ ለእሱ ግን አለ። ወንድ ከሆነ ደግሞ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ትጨመርለታለች። በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈራ አይናገርም፣ በቃ።

መጀመሪያ የስሜቱን ስም ጥሩለት። «ፈርተሃል አይደል?» በሉት። እኔ ከዚያ ቁጥር እጠይቃለሁ፦ «ከአንድ እስከ አስር ስንት ነው?» ስምንት ከሆነ ምክር አይገባውም፣ እቅፍ ነው የሚያስፈልገው። አራት ሲደርስ ማውራት ይቻላል። ለትንሿ ልጄ ደግሞ ሻይ ማቀዝቀዝ አስተማርኳት። የፈላ ሻይ የያዘች አስመስላ በአፍንጫዋ ትስብና ቀስ ብላ፣ ረዘም አድርጋ ትተነፍስበታለች። ወደ ውጭ የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ይረጋጋል። አንድ ማስታወሻ፦ ይህን የሚለማመዱት ደህና በሆኑበት ሰዓት ነው። በጭንቀቱ መሀል «ተንፍሺ! ተንፍሺ!» እያሉ መጮህ፣ ከራሴ እንዳየሁት፣ ነገሩን ያባብሰዋል።

በጅብ ማስፈራራት

«ካልበላህ ለጅቡ ነው የምሰጥህ።» «ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል።» «ፖሊስ ጠርቼ አስወስድሃለሁ።» የአያ ጅቦን ተረት አልነካም፣ ተረቱ ያልቃል፣ ልጁም ይስቃል። ዛቻው ግን አያልቅም፣ መብራት ሲጠፋ አብሮት አልጋ ውስጥ ይገባል። ደግሞስ ነገ መርካቶ ላይ እጃችሁን ለቆ ቢጠፋ ወደ ማን እንዲሮጥ ነው? ከሁሉ የከፋችው ግን «ጥዬህ እሄዳለሁ» ናት። እሷን አንዴም አትበሏት።

«እሺ፣ ዛሬ ቅር»

ይህኛው ደግነት ስለሚመስል ይከብዳል። ልጄ ሰኞ ሲያለቅስ ሁለት ጊዜ «እሺ ቅር» አልኩት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሕመሙ ጠፋ። እኔም ደስ አለኝ። ያኔ የተማረው ነገር ግን «ስቀር ይለቀኛል» የሚል ነው፣ በቀጣዩ ሰኞ ፍርሃቱ ጨምሮ መጣ። ፍርሃት ከሸሹት ያድጋል። በሌላ በኩል ጎትቶ መውሰድም አይሆንም።

የሚሠራው መሀሉ ነው፣ ደረጃ በደረጃ። ለጭንቀት የሚሰጠው የንግግር ሕክምናም በአብዛኛው የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፦ የሚፈሩትን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ በትንሽ በትንሹ መጋፈጥ። እኛ ቤት መጀመሪያ ለእህቱ አነበበላት፣ እሷ ፊደል ስለማትለይ አትስቅም። ቀጥሎ ለእኔ። ቀጥሎ ቅዳሜ ለመጣችው አክስቱ፣ ቆሞ። ከመምህሩም ጋር ተነጋገርኩና ለሦስት ሳምንት አንዲት አንቀጽ ብቻ፣ ያውም ቀድሞ የሚያውቃትን፣ እንዲያነብ ተስማማን። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የምናልፈው ቁጥሩ ከሦስት በታች ሲወርድ ነው። አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሰናል፣ ምንም አይደል።

ማትሪክን የቤተሰብ ክብር ማድረግ

ትልልቅ ልጆች ያሏችሁ ይህችን ታውቋታላችሁ። ከ2014 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው የሚሰጠው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። አብዛኛው ልጅ በማያልፍበት ፈተና ላይ «የእነ እንትና ልጅ አልፋለች፣ አንተ ብትወድቅ ምን እላለሁ?» ብሎ መጨመር ለልጁ ሁለተኛ ፈተና መስጠት ነው።

ከፈተናው በፊት፣ ከውጤቱ በፊት፣ ስለ ሌላው መንገድ በግልጽ አውሩ፦ ሪሚዲያል አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ፣ ድጋሚ መፈተን አለ። «ብወድቅም ቤቴ ቤቴ ነው» የሚለውን ከእናንተ አፍ መስማት አለበት። እንቅልፍም ከጥናት ይቆጠር። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋቸዋል፣ በቡናና በጫት ያደረ ጭንቅላት ያጠናውንም አይይዝም። ከቤት ውጭ አድሮ የማያውቅ ልጅ ደግሞ ከፈተናው በፊት ዘመድ ቤት ሁለት ሦስት ቀን ይደር። ለፈተና ሲሄድ የመጀመሪያው እንዳይሆን።

«በቅርቡ እመጣለሁ»

እናቱ አረብ ሀገር የሆነች ልጅ በየሰፈሩ አለ። ስትሄድ እንዳያለቅስ ተኝቶ እያለ ትወጣለች፣ በስልክ «ለፋሲካ እመጣለሁ» ትለዋለች። ፋሲካ ያልፋል። እሷን ልወቅስ አይደለም፣ ኮንትራቱም ፓስፖርቱም በእጇ ላይሆን ይችላል። ግን ልጅ ከናፍቆት ይልቅ የማይጨበጥ ቀን ነው የሚያስጨንቀው። ተሰናብቶ መሄድ፣ ቢያለቅስም። የማታውቁትን ቀን አለመስጠት። ከዚያ ይልቅ «እሁድ ማታ እደውላለሁ» ብሎ እሁድ ማታ መደወል። አያቱም ሲያጠፋ «ለእናትህ እነግራትና አትመጣም» እንዳትለው። ይህን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ መሰላችሁ።

ጸበል ወይስ ሐኪም

ማን ምረጡ አላችሁ? ጸበሉም ዱዓውም ይኑር፣ ሐኪሙም ይኑር። መድኃኒት የታዘዘለት ልጅ ግን በራሳችሁ ውሳኔ አታቋርጡበት። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው ሁሉ አማኑኤል ሆስፒታልን ብቻ ያስብና «ልጄን እብድ ሊሉት ነው» ብሎ ይደነግጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰው የጭንቀት ሕመም እንዳለበት፣ ከእነሱ 58 ሚሊዮኑ ልጆችና ታዳጊዎች እንደሆኑ ገልጿል። የእናንተ ልጅ ብቻውን አይደለም።

ጭንቀቱ ሳምንታት አልፎት ካልቀነሰ፣ ትምህርት ቤት ካስቀረው፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳው በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ እነሱ ወደሚመለከተው ይልካሉ። ስለ መሞት ወይም ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ግን ቀን አትቁጠሩ። በዚያው ዕለት ውሰዱት፣ ብቻውንም አትተዉት።

የራስን መርሳት

ልጅ የሚረጋጋው ከተረጋጋ ሰው ነው፣ እኛ ደግሞ ጧት ታክሲ ሰልፍ፣ ማታ መብራት የለም፣ መሀል ላይ የወር ወጪ። ሁሌ መረጋጋት አይቻልም። እኔ ስቆጣ በኋላ ሄጄ «ደክሞኝ ነው የጮህኩብህ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» እለዋለሁ። እናቴ እንዲህ ብላኝ አታውቅም፣ መጀመሪያ ላይ አፌን ይዞኝ ነበር።

ልጄ አሁን አምስተኛ ክፍል ነው። ሆዱን አልፎ አልፎ ያመዋል፣ ንባቡ ላይ ግን ይቆማል። ባለፈው ሰኞ ጫማውን እያሰረ «እማዬ፣ ዛሬ ሁለት ነው» አለኝ። ጎበዝ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ያንቺስ?» አለ። ዕለቱ የኪራይ ቀን ነበር። ሰባት አልኩት። «ሻይ አቀዝቅዢ» ብሎኝ ቦርሳውን አንግቦ ወጣ።