ከባሕር ዳር ሆኖ ለአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ ማመልከት

ባሕር ዳር ውስጥ በአስጎብኚነት፣ በሆቴል ሥራ ወይም በዘጌ ቡና ንግድ የተሰማራ ሰው አውሮፓ ደርሶ ለመመለስ የሚያስብባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። አንዱ በየዓመቱ በፈረንጆች መጋቢት መጀመሪያ በርሊን ላይ በሚካሄደው የቱሪዝም ትርዒት መካፈል ይፈልጋል፤ ሌላውን በጀልባ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወይም ወደ ናርጋ ሥላሴ ወስዶ ያስጎበኛቸው እንግዶች ይጋብዙታል፤ ሌላው ደግሞ ከቡና ገዥዎቹ ጋር ፊት ለፊት ተነጋግሮ ውል መጨረስ ይሻል። ለእነዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ ነው፤ ይህም በማንኛውም የ180 ቀን ጊዜ ውስጥ ከ90 ቀን ላልበለጠ ቆይታ የሚሰጥና ሸንገን በተባለው ስምምነት በተሳሰሩ 29 የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግል ፈቃድ ነው። መጎብኘትን፣ ስብሰባ መካፈልንና ውል መደራደርን ይፈቅዳል፤ ተቀጥሮ መሥራትን ግን አይፈቅድም። ብሪታንያና አየርላንድ በዚህ ውስጥ ስለማይካተቱ ለእነርሱ ለየብቻ ማመልከት ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ውሳኔው የሚሰጠው አመልካቹን በማያውቅ ሰው፣ ባብዛኛው በቀረበው ሰነድ ላይ ብቻ ተመሥርቶ መሆኑ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ወረቀት ማብዛት ሳይሆን፣ የቀረቡት ወረቀቶች ሁሉ ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ጉዞና ስለ አንድ የመመለሻ ቀን ተስማምተው እንዲናገሩ ማድረግ ነው። ቅን ዓላማ ያላቸው አመልካቾች የሚጎዱት ብዙውን ጊዜ ወረቀታቸው እርስ በርሱ ሳይስማማ ሲቀር ነው ብዬ አምናለሁ።

ጊዜን በተመለከተ፣ ማመልከቻ ከጉዞው ቀን ከ6 ወር ቀድሞ አይቀርብም፤ ቢያንስ 15 ቀን ሲቀረው መቅረብ እንዳለበትም ሕጉ ይደነግጋል። ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን አመልካቾችን የሚመለከት ውሳኔ ያሳለፈ ሲሆን፣ በዚህም መሠረት መደበኛው የምርመራ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ መግባት የሚያስችል ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። የውሳኔው መነሻ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ረገድ የተፈጠረ አለመግባባት ስለሆነ አመልካቹ በግሉ የሚያስተካክለው ነገር የለም፤ የሚችለው ቀድሞ መጀመር ነው። በርሊን ለሚሄድ አስጎብኚ ሰነዶቹን ክረምት ላይ፣ እንግዳ በሚቀንስበት ወቅት አሰባስቦ በጥቅምት ወይም በኅዳር ማስገባት ይበጃል። ገናና ጥምቀት ሲደርሱ ጣና ላይ ሥራ ስለሚበዛ ያን ጊዜ ወረቀት ፍለጋ መሮጥ ሥራውንም ማመልከቻውንም ይጎዳል።

ማመልከቻው የሚቀርበው ረጅሙ ቆይታ ለሚደረግበት አገር ኤምባሲ ወይም ኤምባሲው ለወከለው የማመልከቻ መቀበያ ማዕከል ነው። በየአገሩ የሚቆዩት ቀናት እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለሚገባበት አገር ይቀርባል። ቀጠሮ ይገኛል ተብሎ ብቻ ለማይኬድበት አገር ማመልከት ከጉዞ ዕቅዱ ጋር ስለማይገጥም ጥርጣሬን ይጋብዛል።

ወደ ሰነዶቹ ስንመጣ የኢትዮጵያውያን አመልካቾች ልዩ ፈተና የዘመን አቆጣጠርና የስም ጉዳይ ነው። አንድ ንግድ ፈቃድ ላይ የተሰጠበት ቀን «12/01/2017» ተብሎ ቢጻፍ እኛ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ብለን እናነበዋለን፤ ፈረንጅ መርማሪ ግን የፈረንጆች ጥር 12 ቀን 2017 አድርጎ ይወስደዋል። ትክክለኛው የፈረንጆች ቀን መስከረም 22 ቀን 2024 ስለሆነ አዲሱ ፈቃድ ከሰባት ዓመት በላይ ያረጀ ሆኖ ይታያል። ስለሆነም ማንኛውም የአማርኛ ሰነድ ሕጋዊ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ኤምባሲው ወደሚቀበለው ቋንቋ ሲተረጎም ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር መጻፉን፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስሙ መጠራቱን አመልካቹ ራሱ ማረጋገጥ አለበት። ንግድ ፈቃድ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ የሚታደስ በመሆኑም ሳይታደስ እንዳይቀርብ ጥንቃቄ ይሻል።

ስምም እንዲሁ ነው። ፀሐይ የምትባል ሴት ፓስፖርቷ ላይ ስሟ በአንድ አጻጻፍ፣ የባንክ መግለጫዋ ላይ በሌላ የላቲን አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል። መለኪያው ፓስፖርቱ ስለሆነ ተርጓሚውም፣ ባንኩም፣ ጋባዡም ከእርሱ ላይ ፊደል በፊደል እንዲገለብጡ ማሳየት ያስፈልጋል። ባልና ሚስት በእኛ ልማድ የአያት ስማቸው ስለማይመሳሰል፣ አብረው የሚጓዙ ከሆነ ወይም አንዱ የሌላውን ወጪ የሚሸፍን ከሆነ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተሰጠ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ማቅረብ ይገባል። ፓስፖርቱ ራሱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ፣ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጾች ያሉት መሆን አለበት።

መርማሪው አጥብቆ የሚጠይቀው «ይህ ሰው ይመለሳል ወይ?» የሚለውን ነው። ተቀጣሪ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሥራ ድርሻውን፣ ደመወዙን፣ የተፈቀደለትን የእረፍት ጊዜና ወደ ሥራ የሚመለስበትን ቀን በግልጽ መያዝ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለበት፣ ሲደወልም የሚነሳ ስልክ የተጻፈበት መሆን ይኖርበታል። የራሱ ሥራ ያለው ንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ከፋይነት ማስረጃውንና ግብር የከፈለበትን ሰነድ ያቀርባል። የጀልባ ማኅበር አባል ወይም አስጎብኚ ከማኅበሩ የአባልነትና የገቢ ማረጋገጫ ቢያወጣ፣ የዘጌ ገበሬ ደግሞ የገጠር መሬት ይዞታ ደብተሩን ቢያያይዝ ከማንኛውም የልመና ደብዳቤ ይበልጥ ይናገርለታል። የባንክ መግለጫው የወራቱን ገቢና ወጪ እንደነበረ ማሳየት አለበት። ከማመልከቻው ጥቂት ቀን በፊት ከዘመድ ተበድሮ የገባ ብዙ ገንዘብ ጥርጣሬን ያበዛል እንጂ አቅምን አያሳይም፤ ከፍ ያለ ገቢ በእርግጥ ካለ፣ ለምሳሌ መኪና ተሽጦ ከሆነ፣ የሽያጭ ውሉ አብሮ ይቅረብ።

ሐሰተኛ የሥራ ደብዳቤና የባንክ መግለጫ እናዘጋጃለን ከሚሉ ደላሎች መራቅ እንደሚገባ በጥብቅ አሳስባለሁ። ሰነድ የሐሰት ሆኖ ሲገኝ ተጠያቂው አመልካቹ ነው፤ ያ ውድቅ መደረግም ሁሉም የሸንገን አገሮች በሚጋሩት የቪዛ መረጃ ሥርዓት ላይ ተመዝግቦ ይቆያል።

ክፍያው ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት እስከ 12 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች 45 ዩሮ ሲሆን፣ ከ6 ዓመት በታች ላሉት ነጻ ነው። ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። በብር ሲተመን ከምንዛሪው ጋር ስለሚለዋወጥ፣ በተለይም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በቀጠሮው ሰሞን ያለውን ተመን ማረጋገጥ ይገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ሰው አሻራ ለመስጠት ራሱ አዲስ አበባ መገኘት አለበት፤ የተሰጠው አሻራ ለ59 ወራት ያህል ያገለግላል። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆንም፣ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ ምን እንደሚገጥም ስለማይታወቅ ከቀጠሮው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ መድረስ ይሻላል።

የጉዞ መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራና ሙሉውን ቆይታ የሚያካትት ይሁን። ለአውሮፕላን ቦታ ማስያዝ ለማመልከቻው በቂ ስለሆነ ቪዛው ሳይገኝ ቲኬት መግዛት አይመከርም።

ቪዛው ሲሰጥ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማንበብ ይጠቅማል፤ ቪዛው የሚያገለግልባቸው ቀናት አንድ ነገር ሲሆኑ፣ የተፈቀደው የቆይታ ቀን ብዛት ሌላ ነው። የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው በመካከል ወደ ለንደን ቢወጣ ተመልሶ መግባት አይችልም።

ቢከለከል ደግሞ ምክንያቱ የተመለከተበት ቅጽ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ይግባኝ የሚባልበት ቦታና የጊዜ ገደብም እዚያው ይገለጻል። ምክንያቱ የጎደለ ሰነድ ከሆነ፣ ይግባኝ ከመጠበቅ ጉድለቱን አሟልቶ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ብዙውን ጊዜ ይፈጥናል። በአዲሱ ማመልከቻም የቀድሞው መከልከል ሲጠየቅ በግልጽ መነገር አለበት፤ መርማሪው በመዝገቡ ላይ ያገኘዋልና።