የቤተሰብን ጥርስና ድድ በየዕለቱ መጠበቅ፦ ከማታው ይጀመር

በብዙ ቤት ጥርስ የሚጸዳው ጠዋት፣ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣት በፊት ነው። የጠዋቱ ጽዳት ለአፍ ጠረን ይጠቅማል፤ ጥርስን ከመበስበስ በመጠበቅ ረገድ ግን የማታው ይበልጣል። ቀን ቀን አሲድን እያጠበና እያረገበ የሚውለው ምራቅ በእንቅልፍ ሰዓት በጣም ስለሚቀንስ፣ ከእራት በኋላ አፍ ውስጥ የቀረውን ስኳርና ምግብ ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ ሲለውጡት ያድራሉ። በልማድ «ትል በላው» የሚባለውን ጥርስ የሚቦረቡረው ይኸው አሲድ ነው። ስለዚህ አንድ ወላጅ በቤቱ አንድ ደንብ ብቻ ማስከበር ቢችል፣ ሁሉም ሰው ከመተኛቱ በፊት እንዲቦርሽና ከዚያ በኋላ ከንጹሕ ውኃ በቀር ምንም እንዳይቀምስ ቢያደርግ ይሻላል። ይህ ደንብ በጾም ወቅት ውኃ እንዳይዋጥ ሰግተው ጠዋት መቦረሽን ለሚተዉ ሰዎችም የሚመች ነው።

ብሩሹ ለስላሳ፣ የጥርስ ሳሙናውም ፍሎራይድ፣ ማለትም ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን፣ ያለበት ይሁን፤ መጠኑ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ppm) መሆኑን በማሸጊያው ላይ ማየት ይቻላል። ብሩሹን ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ ዘመም አድርጎ በመያዝ፣ በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ የውጩን፣ የውስጡንና የማኘኪያውን ገጽ ለ2 ደቂቃ ያህል ማዳረስ ይገባል። ድስት እንደሚፈገፍግ ሰው በኃይል መፈተግ ድድን ወደ ኋላ ያሸሻል እንጂ የተሻለ ንጽሕና አያመጣም። ሲጨረስ አረፋውን መትፋት ብቻ ይበቃል፤ በውኃ መጉመጥመጥ ጥርሱ ላይ ሊቆይ የሚገባውን ፍሎራይድ አጥቦ ይወስደዋል። ብሩሹ በየ3 ወሩ፣ ጸጉሩ ከተንጋደደም ከዚያ ቀደም ብሎ ይለወጣል።

የወይራ ወይም የልምጭ መፋቂያን ማቃለል አይገባም፤ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከለሰለሰና በጥንቃቄ ከተሠራበት ቆሻሻን ያነሣል። ሆኖም ብዙ ሰው የሚፍቀው የፊት ጥርሱን ብቻ ሲሆን፣ ቶሎ የሚበሰብሱት ደግሞ መንጋጋዎቹ ናቸው፤ መፋቂያው ፍሎራይድ ያለበትን ሳሙናም አይተካም። በጥርስና በጥርስ መካከል ለሚቀረው ምግብ ድድን ከሚወጋው ስቴኪኒ ይልቅ የጥርስ ክር ይመረጣል።

የሕፃን ጥርስ መጽዳት የሚጀምረው የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ስትል፣ ማለትም በ6 ወር ገደማ ነው። እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ደግሞ የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃለች። ልጁ «ራሴ ልቦርሽ» ማለቱ ደስ ቢያሰኝም፣ እስከ 7 ዓመት ገደማ አንድ አዋቂ ሊደግምለት ይገባል። በ6 ዓመት አካባቢ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ የሚበቅለው መንጋጋ፣ ከፊቱ የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ብዙ ወላጆች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ቋሚ ጥርስ ነው። ወተት ወይም ጣፋጭ ነገር የያዘ ጡጦ አፍ ውስጥ ትቶ ማስተኛትም የፊት ጥርሶችን ያበሰብሳል። ተቅማጥና ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ግግ ማስወጣት ግን ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ድዱ ላይ ያበጠው የሚመስለው ገና ያልወጣው የክራንቻ ጥርስ ሲሆን፣ ቆርጦ ማውጣቱ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ ቋሚውንም ጥርስ ያበላሻል።

ስኳርን በተመለከተ ከመጠኑ ይልቅ የሚወሰድበት ጊዜ መደጋገሙ ይጎዳል። ከእያንዳንዱ ጣፋጭ ጉንጭ በኋላ የአፍ አሲድ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ስኳር የበዛበት ቡና ከአቦል እስከ በረካ ቀስ እያለ ሲጠጣ ጥርስ ፋታ አያገኝም። ቡናውን ማስቀረት አያስፈልግም (ማንስ ይሰማል?)፤ ስኳሩን መቀነስ ወይም ከምግብ ጋር አያይዞ መጠጣት ይበቃል። ልጆችም ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ቀኑን ሙሉ ከሚቀማምሱ ከምሳ ጋር አንድ ጊዜ ቢወስዱ ይሻላል። ፈንዲሻው ስኳር ባይነሰነስበትም ቅርፊቱ ድድ ሥር ገብቶ ያቆስላልና ከቡናው በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ ደግ ነው።

በሳሙና ውስጥ የሚጠቅመው ፍሎራይድ በሚጠጣ ውኃ ውስጥ ሲበዛ ግን ይጎዳል። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ፣ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆችን ቋሚ ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ያበላሸዋል፤ ጥርሱም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አይቀንሰውም፤ ስለዚህ በተለይ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ከተገኘ፣ ፍሎራይዱ አነስተኛ የሆነ ውኃ ወይም የዝናብ ውኃ መስጠት ይመረጣል።

ሲቦረሽ የሚደማ ድድ በአብዛኛው የተቆጣ ድድ ነው። ብዙዎች ደም ሲያዩ ያንን ቦታ መንካት ይተዋሉ፤ ይህ ግን ያባብሰዋል፤ በለስላሳ ብሩሽ በትጋት ሲጸዳ መድማቱ ብዙ ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። በተነቀሰ ወይም በተፈጥሮው በጠቆረ ድድ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ፣ መድማቱንና ማበጡን መከታተል ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴቶችና የስኳር ሕመምተኞች በተለይ ይጠንቀቁ። ከ2 ሳምንት በላይ የሚደማ ድድ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ ወይም እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም ሐኪም ይፈልጋል፤ ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ በራስ ውሳኔ ከፋርማሲ የሚገዛ አሞክሳሲሊንም የተቦረቦረውን ጥርስ አይጠግነውም። ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ፣ ወይም መዋጥና አፍ መክፈት ካስቸገረ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።