ፓይተን በሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ የሚፈጠሩ የኢምፖርት ስህተቶች፦ ምልክት፣ መንስኤና መፍትሄ

በተርሚናል ላይ ያለ አንዳች እንከን የሚሠራ የፓይተን ኮድ በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ከተጻፈ ፕሮግራም ውስጥ ሲጠራ «ሞጁሉ (የሚጠራው የኮድ ፋይል) አልተገኘም» ብሎ መቆሙ የተለመደ ችግር ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቀድሞ የሚያደርገው ላይብረሪውን ፒፕ በተባለው የፓይተን መጫኛ መሣሪያ እንደገና መጫን ነው፤ ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይለውጥም፤ ምክንያቱም ፒፕ ላይብረሪውን የጫነው ተርሚናሉ ለሚጠራው ኢንተርፕሪተር (የፓይተንን ኮድ ለሚያስኬደው ፕሮግራም) ሲሆን፣ በአስተናጋጁ፣ ማለትም ፓይተንን በውስጡ በያዘው ፕሮግራም ውስጥ የተነሣው ኢንተርፕሪተር ሌላ ቤት (መደበኛው ላይብረሪ ያለበት የመጫኛ ሥፍራ)፣ ሌላ የፍለጋ መንገድ፣ አንዳንዴም ሌላ ስሪት ያለው ነው። ስለዚህ «በተርሚናል ይሠራል» የሚለው አነጋገር ላይብረሪው ጤነኛ መሆኑን ያሳያል እንጂ ስለ ሁለተኛው ኢንተርፕሪተር ምንም አይነግረንም።

መጀመሪያ ኢንተርፕሪተሩን ራሱን መጠየቅ

ከሲ በኩል ሞጁል የሚጭነው ፋንክሽን ሳይሳካለት ሲቀር ባዶ ፖይንተር ብቻ ይመልሳል። ትክክለኛው የስህተት መልእክት በኢንተርፕሪተሩ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚቀር፣ ፕሮግራመሩ ወዲያውኑ «ፓይኤር_ፕሪንት» የተባለውን ፋንክሽን ካልጠራ መልእክቱን ፈጽሞ አያየውም። በዊንዶውስ ላይ መስኮት ያለው ፕሮግራም ኮንሶል ስለማይኖረው የታተመው መልእክት እንኳ የትም ሳይታይ ይጠፋል፤ በዚህ ጊዜ የስህተት መውጫውን ወደ ፋይል ማዞር ያስፈልጋል። ያለዚህ የሚደረግ ማንኛውም ሙከራ ግምት ብቻ ነው፤ እኔም ሁለት ሙሉ ቀን በግምት ያባከንሁት ይህን አንድ መስመር ባለመጻፌ ነበር።

ቀጥሎ ከአስተናጋጁ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ማተም ይገባል፤ እነርሱም «ሲስ» ከተባለው ሞጁል የሚገኙት ስሪቱ፣ የመጫኛ ሥፍራውን የሚያሳየው ፕሪፊክስ፣ እና የፍለጋ መንገዶች ዝርዝር የሆነው ፓዝ ናቸው። እነዚሁን በተርሚናል ላይ አትሞ ጎን ለጎን ማስተያየት ከሚቀጥሉት ችግሮች ብዙዎቹን በራሱ ይገልጣል።

ምልክት፦ ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ «ኤንኮዲንግስ የሚባል ሞጁል የለም» ብሎ ይወድቃል

ኤንኮዲንግስ ከፓይተን ጋር የሚመጣው መደበኛ ላይብረሪ አካል ነው። ኢንተርፕሪተሩ የፋይል ስሞችን ለማንበብ እንኳ ስለሚያስፈልገው፣ መደበኛው ላይብረሪ በጠቅላላ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጮኸው እርሱ ነው። ስለዚህ መልእክቱ ስለ አንድ ሞጁል የሚናገር ይምሰል እንጂ ትርጉሙ «ቤቴን አላገኘሁም» ማለት ነው።

መንስኤው ከሁለቱ አንዱ ነው። ኢንተርፕሪተሩ ቤቱን የሚፈልገው ከተነሣበት ፕሮግራም ሥፍራ ተነሥቶ በመሆኑ፣ አስተናጋጁ ከፓይተን ርቆ በሌላ ፎልደር ሲቀመጥ ፍለጋው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። አለበለዚያ ደግሞ «ፓይተንሆም» የተባለው የሲስተም ተለዋዋጭ (ፕሮግራሞች ሲነሡ የሚያነቡት የሲስተሙ ቅንብር) ቀድሞ በተጫነ ሌላ ፕሮግራም ተሞልቶ ወደ ሌላ ስሪት እየጠቆመ ይሆናል። ይህን ተለዋዋጭ ባዶ አድርጎ መሞከር አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነውና ከሁሉ ይቅደም።

ችግሩ ካልተፈታ ቤቱን በኮድ መናገር ያስፈልጋል። ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ለዚህ የተዘጋጀው «ፓይኮንፊግ» የተባለው ስትራክቸር ሲሆን፣ «ሆም» በሚባለው መስኩ ውስጥ የመደበኛው ላይብረሪ ሥፍራ ይጻፋል። ቀድሞ ለዚሁ ሥራ ያገለግል የነበረው «ፓይ_ሴትፓይተንሆም» ከ3.11 ጀምሮ እንዲተው ስለተመከረ በአዲስ ኮድ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ቤቱ መነገር ያለበት ኢንተርፕሪተሩ ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ከተነሣ በኋላ የተነገረው አይሰማም።

በዊንዶውስ ላይ ለማስገቢያ ተብሎ በዚፕ የሚታደለውን ፓይተን የሚጠቀም ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ሊል ይገባል። በዚያ ጥቅል ውስጥ ከፓይተኑ ዲኤልኤል (በዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሞች የሚጭኑት የተሠራ የኮድ ፋይል) ጋር አንድ ስም ያለውና መጨረሻው «._pth» የሆነ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለ። ይህ ፋይል እስካለ ድረስ የፍለጋ መንገዱን የሚወስነው እርሱ ብቻ ነው፤ የሲስተም ተለዋዋጮችም አይነበቡም፤ «ኢምፖርት ሳይት» የሚለው መስመሩ በኮሜንት ምልክት ተሸፍኖ ስለሚመጣም በፒፕ የተጫኑ ላይብረሪዎች አይታዩም። ምልክቱን አንሥቶ መስመሩን ሥራ ላይ ማዋል ወይም የሚፈለገውን ፎልደር በዚያው ፋይል ውስጥ መጻፍ መፍትሄው ነው።

ምልክት፦ መደበኛው ላይብረሪ ይሠራል፤ የራሳችን ፋይል ወይም በፒፕ የተጫነው ግን አይገኝም

አንድ ፋይል በተርሚናል ሲነሣ ፓይተን የፋይሉን ፎልደር በፍለጋ መንገዱ መጀመሪያ ላይ ራሱ ያስገባል። ከሲ በኩል ሲነሣ ግን የሚነሣ ፋይል ስለሌለ ይህ አይደረግም። ፎልደሩን በሙሉ አድራሻው በዝርዝሩ ላይ መጨመር ይበቃል፤ አንጻራዊ አድራሻ ግን አስተናጋጁ የሥራ ፎልደሩን በቀየረ ጊዜ ስለሚከሽፍ አይመከርም። ላይብረሪው በቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ለአንድ ፕሮጀክት ተለይቶ በተዘጋጀ የፓይተን ፎልደር) ውስጥ ከሆነ፣ «ሳይት» ከተባለው ሞጁል «አድ ሳይት ዲር» የሚለውን ፋንክሽን በኢንቫይሮንመንቱ የሳይት ፓኬጅስ ፎልደር መጥራት ይሻላል፤ ይህ ፋንክሽን ፎልደሩን ከመጨመር አልፎ በውስጡ ያሉትን የመንገድ ፋይሎችም ያነባል።

መንገዱ ትክክል ሆኖ ሳለ እንደ ነምፓይ (የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) ያለ በሲ የተሠራ ክፍል ያለው ላይብረሪ ብቻ ካስቸገረ፣ የተሠራውን ፋይል ስም መመልከት ይጠቅማል። በስሙ ውስጥ 311 የሚል ቁጥር ያለበት ፋይል የተሠራው ለ3.11 ስለሆነ 3.10 የሆነ ኢንተርፕሪተር እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። በዚህ ጊዜ ፓይተኑን ወይም ላይብረሪውን ቀይሮ ስሪታቸውን ማስማማት እንጂ ሌላ መላ የለም።

ምልክት፦ በሊነክስ ላይ ነምፓይ ሲጠራ «ያልተገለጸ ሲምቦል» ይላል

ይህ ከሁሉ የሚያደክመው ነው፤ ምክንያቱም ፋይሉ አለ፣ ስሪቱ ትክክል ነው፣ መንገዱም ተገኝቷል። መልእክቱ የሚጠቅሰው ስም ብዙውን ጊዜ በ«ፓይ» የሚጀምር፣ ማለትም የፓይተን የራሱ ሲምቦል (በተሠራ ፋይል ውስጥ ያለ የፋንክሽን ወይም የተለዋዋጭ ስም) ነው፤ ይህም ስህተቱን ከላይብረሪው ወደ አስተናጋጁ ያዞረዋል።

ከ3.8 ጀምሮ በሊነክስ ላይ በሲ የተሠሩ ሞጁሎች ከሊብፓይተን (የፓይተንን ኢንተርፕሪተር ከያዘው ላይብረሪ) ጋር ሊንክ አይደረጉም፤ ማለትም ሲገነቡ ከእርሱ ጋር አይያያዙም። የሚያስፈልጓቸው ሲምቦሎች በሂደቱ (በሥራ ላይ ባለው ፕሮግራም) ውስጥ ለሁሉም ተገልጠው እንደሚጠብቋቸው ታምነው ነው የሚጫኑት። አስተናጋጁ ከሊብፓይተን ጋር በቀጥታ ሊንክ ሲደረግ ይህ እምነት ይጸናል። ነገር ግን ፓይተን የተያዘው በፕለጊን (ዋናው ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ በሚጭነው ተጨማሪ ክፍል) ውስጥ ሆኖ፣ ዋናው ፕሮግራም ያን ፕለጊን «ሎካል» በሚባለው አጫጫን ካስገባው፣ ሊብፓይተንም አብሮ በዚያው አጥር ውስጥ ስለሚቀር ቆይቶ የሚመጣው ነምፓይ አያየውም። ጃቫም የሲ ላይብረሪዎችን በዚሁ ጠባብ መንገድ ስለሚጭን፣ ፓይተንን በጃቫ ውስጥ የሚያስገቡ ሰዎች ያንኑ መልእክት ያገኛሉ።

መፍትሄው ኢንተርፕሪተሩ ከመነሣቱ በፊት ሊብፓይተንን «ዲ.ኤል ኦፕን» በተባለው ፋንክሽን «ግሎባል» በሚለው ምልክት መክፈት ነው። ቀድሞ ተጭኖ ቢሆንም ይህ ጥሪ አጥሩን ያነሣለታል። የአስተናጋጁን ኮድ መንካት የማይችል ሰው ደግሞ «ኤል.ዲ ፕሪሎድ» በተባለው የሲስተም ተለዋዋጭ ሊብፓይተንን አስቀድሞ ማስጫን ይችላል። ፓይተን በስታቲክ መንገድ ከፕሮግራሙ ጋር ተዋሕዶ ከሆነ ግን ሊንክ ሲደረግ «ኤክስፖርት ዳይናሚክ» የሚለው አማራጭ መጨመር አለበት፤ አለዚያ ሲምቦሎቹ በፕሮግራሙ ውስጥ ቢኖሩም ለውጭ አይታዩም።

ይህ ስህተት ፕሮግራሙ ሲገነባ ከሚመጣው «ያልተገለጸ ሪፈረንስ» ከሚለው ጋር እንዳይምታታ። ያኛው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከ3.8 ወዲህ «ፓይተን ኮንፊግ» የተባለው መሣሪያ «ኢምቤድ» የሚለው አማራጭ ካልተሰጠው ሊብፓይተንን ከዝርዝሩ ስለሚያስቀር ነው።

ምልክት፦ በዊንዶውስ ላይ «ዲኤልኤል መጫን አልተቻለም» ይላል፤ ፋይሉ ግን በቦታው አለ

የጠፋው የተጠራው ሞጁል ሳይሆን ሞጁሉ የሚደገፍበት ሌላ ዲኤልኤል ነው። ከ3.8 ጀምሮ ፓይተን እነዚህን ደጋፊዎች በሲስተሙ የፓዝ ተለዋዋጭ ውስጥ አይፈልግም፤ ስለዚህ ያሉበትን ፎልደር «ኦ.ኤስ» ከተባለው ሞጁል «አድ ዲኤልኤል ዳይሬክተሪ» በሚለው ፋንክሽን ማሳወቅ ያስፈልጋል። አስተናጋጁ በዲበግ ሁኔታ (ስህተት ለመፈለግ በሚያገለግለው መልክ) ተገንብቶ ከሆነም፣ ኢንተርፕሪተሩ የሚፈልገው በስማቸው መጨረሻ የዲበግ ምልክት ያላቸውን ሞጁሎች ነው፤ ከፒፕ የሚመጡት ግን ይህ የላቸውም። በሪሊስ ሁኔታ (ለተጠቃሚ በሚወጣው መልክ) መገንባት ቀላሉ መውጫ ነው። መልእክቱ ፋይሉ «ትክክለኛ የዊን32 አፕሊኬሽን አይደለም» የሚል ከሆነ ደግሞ 32 ቢትና 64 ቢት ተደባልቀዋል ማለት ነው።

ምልክት፦ ኢምፖርቱ መጀመሪያ ይሳካል፤ ኢንተርፕሪተሩ ተዘግቶ እንደገና ሲነሣ ግን ይወድቃል

ነምፓይን የመሳሰሉ ላይብረሪዎች ኢንተርፕሪተሩ ሲዘጋ ሁሉንም ነገር አያጸዱም፤ በአንድ ሂደት ውስጥ ሁለት ጊዜ መጫንንም አይደግፉም። ስለዚህ ኢንተርፕሪተሩን በየጥሪው ማንሣትና መዝጋት ትቶ፣ አስተናጋጁ ሲነሣ አንድ ጊዜ አንሥቶ አስተናጋጁ እስኪዘጋ ድረስ ክፍት ማቆየት ያስፈልጋል። የግድ ንጹሕ ኢንተርፕሪተር የሚፈልግ ሥራ ካለ ራሱን በቻለ ሌላ ሂደት ውስጥ ይነሣ።