አዲስ የሶላር ባትሪ ከገዛችሁ መጀመሪያ ይሙላ

ለቤት ሶላር አዲስ የአሲድ ባትሪ ገዝታችሁ ከሆነ በዚያው ምሽት ቲቪና አምፖል አታብሩበት። ባትሪ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎም ቻርጁ እየቀነሰ ይሄዳል። መጀመሪያ ምንም ሳይበራበት በደንብ ይሙላ። ፓኔላችሁ አነስ ያለ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ ታገሱት። ስትገጥሙ ኮንትሮለሩን (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ዕቃ) ቀድማችሁ ከባትሪው፣ ከዚያ ከፓኔሉ ጋር አገናኙ።

መሙላቱን በኮንትሮለሩ መብራት ብቻ አትመኑ። ቻርጁ ካቆመ በኋላ ባትሪው ጥቂት ሰዓት ይረፍና በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩት። ባለ 12 ቮልቱ 12.7 አካባቢ ካሳየ ሞልቷል። 12.1 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው የቀረው፤ ከዚያ በታች አታውርዱት። ባዶውን ከሰነበተ ፕሌቶቹ (ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋገርና የመያዝ አቅሙ ይሞታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ ስለሚጠፋ ያኔ ቲቪውን ቀነስ፣ አምፖሉንም ቶሎ ጠፋ ማድረግ ያዋጣል።

ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ በየወሩ ውሃውን እዩ። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ በፍጹም! አሲድም አትጨምሩ፤ የሚያልቀው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ውሃ የምትሞሉት ቻርጁ ካለቀ በኋላ ነው፤ በፊት ከሞላችሁት ፈሳሹ ከፍ ሲል አሲዱ ገንፍሎ ይወጣል። ፕሌቶቹ ደርቀው ከታዩ ግን ቻርጅ ከመጀመሩ በፊት እስኪሸፈኑ ድረስ ብቻ ጨምሩ።

ደግሞ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ በእሳት የሚፈነዳ ጋዝ ነው። አልጋ ሥር ወይም ከሰል የሚነድበት ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት፤ አየር የሚያገኝ ቦታ ፈልጉለት።