ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ ለተቀላቀሉበት ቡድን ቨርዥን ኮንትሮል አመራረጥ

ቨርዥን ኮንትሮል የፋይሎችን ለውጥ ከነታሪኩ መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም ነው፤ ሰብቨርዥን፣ ጊትና ሜርኩሪያል የዚህ ዓይነት ናቸው። ከቡድኑ አባላት ሁለቱ ደሴ በዊንዶውስና በኡቡንቱ (በሊኑክስ)፣ ሦስተኛው ኮምቦልቻ በማክ የሚሠሩ ከሆነ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይጠየቅ፦ ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል ወይ? በሰብቨርዥን ከሰርቨሩ (የጋራው ፋይል ከሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ጋር ሳይገናኙ ኮሚት ማድረግ፣ ማለትም ለውጡን ታሪኩ ውስጥ መመዝገብ፣ አይቻልም። ጊት ግን ሙሉውን ታሪክ በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ ስለሚያስቀምጥ ኮሚቱም ብራንቹም (ለብቻ የሚሠራበት የሥራ ቅርንጫፍ) ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርኩ ሲመለስ ፑሽ ማድረግ (ወደ ሰርቨር መላክ) ብቻ ነው። ሜርኩሪያልም እንደዚሁ ነው፣ ግን ጊት የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይቀላል።

ሥራችሁ በአብዛኛው የፎቶሾፕና የቪዲዮ ፋይል ከሆነ፣ ሰርቨሩም እዚያው ቢሮ ካለ፣ ሰብቨርዥንን አትናቁት። ሁለት ሰው የነካካው ምስል መርጅ አይሆንም (ሁለቱ ለውጥ ወደ አንድ አይዋሃድም)፤ ሰብቨርዥን ፋይሉን ለአንዱ ይቆልፍለታል። ለቀረው ጊት ይሻላል።

ጊትን ከመረጣችሁ ትልቁ ጣጣ የመስመር መጨረሻ ነው። ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ ሁለት ስውር ምልክት ያስቀምጣል፣ ሊኑክስና ማክ አንድ ብቻ። ካልተስተካከለ አንድ ቃል ያረመ ሰው ፋይሉን በሙሉ የቀየረ ይመስላል፤ ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ የሼል ስክሪፕትም (የትእዛዞች ዝርዝር የያዘ ፋይል) ኡቡንቱ ላይ አልነሳም ይላል። መድኃኒቱ ስሙ በነጥብ የሚጀምረው የጊትአትሪቢውትስ ፋይል ነው። ከመጀመሪያው ኮሚት ጋር ይግባ፤ ለሁሉም ፋይል «ቴክስት እኩል ይሆናል ኦቶ»፣ ለሼል ስክሪፕት ደግሞ «ኢኦኤል እኩል ይሆናል ኤልኤፍ» ይጻፍበት። በየኮምፒውተሩ የሚደረግ ማስተካከያ አንዱ ጋ መረሳቱ አይቀርም።

የፋይል ስም በላቲን ትንሽ ፊደል ብቻ ይሁን። በፊደል መጠን ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች ሊኑክስ ላይ ሁለት ፋይል ናቸው፤ ዊንዶውስና ማክ ግን እንደ አንድ ስለሚያዩአቸው አንደኛው ይዋጣል። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል በጊት ስታተስ (የተቀየሩ ፋይሎችን በሚዘረዝረው ትእዛዝ) ላይ የቁጥር ክምር ሆኖ ከታየ «ኮር ኮትፓዝ» የሚለውን የጊት ማስተካከያ «ፎልስ» ማድረግ ይበቃል።

ክሎን (ፋይሉን ከነታሪኩ ከሰርቨር ማውረድ) መሀል ላይ ከተቋረጠ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ በ«ዴፕዝ 1» የመጨረሻውን ብቻ አውርዱ፣ ቀሪውን ኋላ በ«አንሻሎው» አምጡ። ያም ካልሆነ ደሴ ላይ በጊት በንድል ወደ አንድ ፋይል ጠቅልላችሁ በፍላሽ ወደ ኮምቦልቻ ላኩት፤ እዚያ ከፍላሹ ክሎን ይደረጋል። ጊትሃብ (የጊት ፋይሎች በኢንተርኔት የሚቀመጡበት አገልግሎት) ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ በኋላ ብታጠፉትም ታሪኩ ውስጥ ስላለ ፑሹ ውድቅ መደረጉን ይቀጥላል።

ከመወሰናችሁ በፊት በሦስቱም ማሽን ላይ አንድ ፋይል ውስጥ አንድ አንድ መስመር ቀይሩ። ጊት ዲፍ (የተቀየሩትን መስመሮች የሚያሳየው ትእዛዝ) ካረማችሁት መስመር ሌላም ተቀይሯል ካለ የጊትአትሪቢውትሱን ፋይል እንደገና እዩት።