የካንሰር ሴሎችን የምልክት ልውውጥ ለማጥናት የሚያስቡ የወሎ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ባዮሎጂ፣ ፋርማሲ ወይም ሕክምና ላቦራቶሪ እየተማረ «የካንሰር ሴሎች እንዴት እንደሚነጋገሩ ነው ማጥናት የምፈልገው» የሚል ልጅ ሳገኝ ደስ ይለኛል። ማስተርስ አለ፣ ፒኤችዲ አለ፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ ተመራማሪ ላቦራቶሪ የጥቂት ዓመታት ድኅረ ዶክትሬት። አብሽሩ፣ ይገፋል። ብዙዎች የሚሰናከሉባቸው ነገሮች ግን ተመሳሳይ ናቸው።

ሥዕሉን እንዳለ ማመን። መማሪያ መጽሐፍ ላይ በሴሉ ውስጥ ምልክት የሚቀባበሉ ፕሮቲኖች፣ ራስ የተባለው ራፍን፣ ራፍ ሜክን፣ ሜክ ኧርክን እየቀሰቀሰ፣ በቀስት ተሰድረው ይታያሉ። ለፈተና ይበቃል። ላቦራቶሪ ስትገቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቢራፍ በተባለው የራፍ ዓይነት ፕሮቲን ላይ ቪ600ኢ የሚባል ለውጥ ያለበት ሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) እ.ኤ.አ. በ2011 በተፈቀደው፣ ቢራፍን በሚዘጋው ቬሙራፌኒብ በተባለ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ይኮማተራል። ያንኑ ለውጥ የተሸከመ የትልቁ አንጀት ካንሰር ግን ለብቻው በተሰጠው መድኃኒት እምብዛም አይበገርም። ኧርክ ሲዳከም ኢጂኤፍአር የተባለውን፣ ከሴሉ ገጽ ላይ ሆኖ የዕድገት ምልክት የሚቀበል ፕሮቲን (ተቀባይ) ይዞት የነበረው ልጓም ይላላል፤ ሐረጎ ላይ መንገድ ሲዘጋ ሾፌሩ ዙሪያውን እንደሚሄደው ምልክቱም በጎን ዞሮ ኧርክ ጋ ይደርሳል። የሜላኖማ ሴሎች ላይ ይህ ተቀባይ አነስተኛ ስለሆነ መድኃኒቱ እዚያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2020 ለአንጀት ካንሰር የተፈቀደው ሕክምና ቢራፍንና ኢጂኤፍአርን በአንድ ጊዜ ይዘጋል። የምርምር ሐሳብ ስትጽፉ «ይህን ፕሮቲን እዘጋለሁ» ብላችሁ አትቁሙ፤ ሴሉ ሲዘጋበት በየት በኩል እንደሚያመልጥ የምትፈትሹበትን መንገድም ጻፉ።

«ቅጠሉ ካንሰር ገደለ» ብሎ መፈንጠዝ። ወሎ መድኃኒት አዋቂ የማይጠፋበት አገር ስለሆነ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ ይነሳል። ቅጠሉ ይፈጫል፣ በሜታኖል ይዘፈዘፋል፣ ሴሎቹ ላይ ይጨመራል፣ ይሞታሉ። በረኪናም ይገድላቸዋል! ጤነኛ ሴል አብሮ ካልተፈተነ ሥራው ገና አልተጀመረም። ኤምቲቲ የሚባለው ፍተሻም የሚለካው የሴሉን የሜታቦሊዝም እንቅስቃሴ እንጂ ሞቱን በቀጥታ አይደለም፤ ከቅጠሉ የወጣው ውሁድ ራሱ ንባቡን ሊያዛባው ይችላል።

ከአገራችን ዕፅዋት ምንም አይገኝም ማለቴ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። ሜይታንሲን የተባለው ንጥረ ነገር ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ቁጥቋጦ ተለይቶ እ.ኤ.አ. በ1972 ይፋ ሆነ። ለብቻው ለሕሙማን ሲሰጥ መርዝነቱ በዛና ተተወ። ከእሱ የተሠራው ዲኤም1 ኸር2 የተባለውን ተቀባይ ፈልጎ ከሚይዝ አንቲቦዲ ጋር ተጣብቆ እ.ኤ.አ. በ2013 ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። ከመግደል እስከ መፈወስ ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው።

የሴሉን ማንነት አለማጣራት። ኤምዲኤ-ኤምቢ-435 የተባለው በላቦራቶሪ የሚራባ የሴል ዘር ለብዙ ዓመታት የጡት ካንሰር ተብሎ ሲጠና ቆይቶ የሜላኖማ ሴል ሆኖ ተገኘ። «ከጓደኛዬ ላቦራቶሪ አመጣሁት» ማስረጃ አይሆንም፤ የዘረመል መለያ ፍተሻ አስደርጉ።

ናሙና ማዘግየት። ምልክቱ የሚተላለፈው ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት በመለጠፍ ነው፤ ካይኔዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ይለጥፋሉ፣ ፎስፋቴዝ የሚባሉት ይነቅላሉ፤ ሴሉ ከተሰበረ በኋላም መንቀሉ አይቆምም። ስለዚህ በረዶው አስቀድሞ ይዘጋጅ፣ ቫናዴትና ሌሎቹ የፎስፋቴዝ ማገጃዎች በመሰባበሪያው ፈሳሽ ውስጥ ይግቡ፣ ሰዓት ይያዝ። ኢጂኤፍአርን የሚቀሰቅሰው ኢጂኤፍ ከተጨመረ በ5 ደቂቃ አካባቢ የደመቀው የኧርክ ምልክት እስክትዘገዩ አይጠብቃችሁም። ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲን በአንቲቦዲ የሚታይበት ዘዴ) ላይ ፎስፌት ያለበትን ኧርክ ብቻ አሳይቶ ጠቅላላውን አለማሳየት ደግሞ አይን ያወጣ ጉድለት ነው። መብራት የሚጠፋበት አካባቢ ከሆናችሁ ናሙናውን በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ፤ ደጋግሞ መቅለጥና መብረድ ያበላሸዋል።

ያልተጠበቀን ውጤት መጣል። እ.ኤ.አ. በ1979 ተመራማሪው ቶኒ ሃንተር አሚኖ አሲዶችን በኤሌክትሪክ ለመለየት አዲስ ፈሳሽ ሳይበጠብጥ የከረመውን ተጠቀመ። ፒኤቹ ከ1.9 ወደ 1.7 ወርዶ ስለነበር አብረው ይጓዙ የነበሩ ሁለት አሚኖ አሲዶች ተለያዩ፤ ፎስፌት ታይሮሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይም እንደሚለጠፍ በዚህ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2001 ለደም ካንሰር የተፈቀደው ኢማቲኒብ የሚዘጋው እንዲህ ያለውን የታይሮሲን ካይኔዝ ነው። እንግዳ ነጥብ ስታዩ ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ የፈሳሹን ቀን ጭምር ካልጻፋችሁ ግን ከየት እንደመጣ አታውቁም።

ውጭ እስክሄድ ብሎ መቀመጥ። የሺዎች ሕሙማን የዕጢ መረጃ ሲባዮፖርታል በተባለ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል፤ አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራምም ነፃ ነው። ኔትወርኩ በሚሻልበት ሰዓት አውርዳችሁ ደሴ ሆናችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ለፕሮፌሰር ስትጽፉም ከዚያ የወጣ አንድ ሥዕል ከሲቪ ገጾች የበለጠ ይናገርላችኋል። አማካሪ ስትመርጡ የመጽሔቱ ስም አያሳውራችሁ፤ ከመስማማታችሁ በፊት ከዚያ ላቦራቶሪ የወጣ ተማሪ ፈልጋችሁ፣ ሙከራ ሲከሽፍ አማካሪው ምን እንደሚል ጠይቁት።